አባ ሰንጋ፦ በድንገት የሞተ ከብት ለምን አይገፈፍም?

ለዱራሜና ለአካባቢዋ አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

የጽሑፉ ዓላማ

ይህ ጽሑፍ ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ አደገኛ በሽታዎች አንዱ ስለሆነው ስለ አባ ሰንጋ ያስረዳል። ሥልጠናውን ስታጠናቅቁ በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ፣ በከብትና በሰው ላይ በምን ምልክት እንደሚታወቅ፣ እንዲሁም አንድ ከብት በድንገት ሲሞት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምን መደረግ እንዳለበት ለቤተሰባችሁና ለጎረቤቶቻችሁ ማስረዳት እንድትችሉ ነው። «የሞተ ከብት አትብሉ» የሚለውን ምክር ሁላችሁም ሰምታችኋል። ነገር ግን ምክንያቱ ያልተገለጸለት ምክር ችግር በመጣ ቀን ይረሳል። ስለዚህ እዚህ ላይ «አትብሉ» ከማለት አልፈን «ለምን?» የሚለውን እንመለከታለን።

1. አንድ ጠዋት በአንድ ግቢ

ለመማሪያ እንዲሆነን አንድ ሁኔታ እናስብ። ጊዜው ነሐሴ መጨረሻ ነው። በከምባታ መሳላ ተብሎ የሚጠራው የመስቀል በዓል ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። አንድ አርሶ አደር የእንሰት ቅጠልና ሣር እያጨደ፣ አተላ እየቀዳ ለወራት ያደለበው ሰንጋ አለው። ሰንጋው ማታ በልቶና ጠጥቶ፣ እንደ ወትሮው ቤት ውስጥ ከጋጡ ታስሮ አደረ። ሊነጋ ሲል የቤቱ እመቤት አዛባ ልትጠርግ ስትነሳ ወድቆ አገኘችው። ሆዱ ተነፍቷል፤ ከአፍንጫው ጥቁር ደም ይወርዳል።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ «ገላው ገና ትኩስ ነው፣ ቶሎ ይታረድ» አለ። ሌላው «እባብ ነድፎት ይሆናል፣ ሥጋው ምንም አይልም» አለ። አንድ አዛውንት ደግሞ በርኅራኄ፣ «ልጄ፣ ይህን ያህል ገንዘብ አፈር ይብላው እንዴ? እኛ ተቃርጠን እንወስድልሃለን፣ ጥቂትም ቢሆን ብርህ ይመለስልህ» አሉት። ሦስቱም የተናገሩት በቅንነት ነው። ይልቁንም የአዛውንቱ ሐሳብ፣ የተጎዳን ጎረቤት ቅርጫ ገብቶ የማገዝ የቆየ መልካም ልማድ ነው።

በዚያች ሰዓት ባለቤቱ ቢላዋ ያነሳል ወይስ አያነሳም? የዚህ ሥልጠና ዋና ጥያቄ ይህ ነው።

2. በሽታው ምንድን ነው?

አባ ሰንጋ ባሲለስ አንትራሲስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። በብዛት የሚያጠቃው ሣር የሚግጡ እንስሳትን፣ ማለትም ከብትን፣ በግንና ፍየልን ነው። ፈረስ፣ በቅሎና አህያም ይይዛቸዋል። አሳማና ውሻ በአንጻራዊነት ይቋቋሙታል፤ ሆኖም ውሻ የሞተውን ከብት ጎትቶ በሽታውን ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛምት ይችላል።

እንስሳት በሽታው የሚይዛቸው አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ እንስሳ ትንፋሽ ሳይሆን ከመሬት ነው። በግጦሽ ጊዜ በአፈር፣ በሣር ወይም በውኃ ውስጥ የተቀመጠውን የባክቴሪያውን ዘር ሲውጡ ወደ ሰውነታቸው ይገባል። ለዚህም ነው በሽታው በአንዳንድ ቦታ ላይ ተደጋግሞ የሚነሳው። ረጅም ደረቅ ወቅት አልፎ ከባድ ዝናብ ሲጥል አደጋው ከፍ ይላል። በደረቁ ጊዜ ሣሩ ስለሚያጥር እንስሳቱ እስከ ሥሩ እየነጩ አፈር ይበላሉ፤ ዝናብና ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ተቀብሮ የቆየውን ወደ ላይ ያወጣዋል፣ ወደ ረባዳ ቦታም አጥቦ ያከማቸዋል።

በሽታው በአገራችን እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 በደቡብ ኦሞ በማጎ ብሔራዊ ፓርክ በተነሳ የአባ ሰንጋ ወረርሽኝ ከ1,600 በላይ የዱር እንስሳት አልቀዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች በጋራ ተቀምጠው ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች መካከል ኢትዮጵያ ቅድሚያ ልትሰጣቸው የሚገቡ አምስቱን ሲመርጡ አባ ሰንጋ ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር አብሮ ከአምስቱ ውስጥ ገብቷል። በጤና ተቋማትም በሽታው በሰው ላይ ሲጠረጠር ሳይውል ሳያድር ሪፖርት ከሚደረግባቸው በሽታዎች አንዱ ነው።

3. ቢላዋው ምን ይለውጣል?

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን ክፍል አስታውሱ። ሌሎቹ ምክሮች ሁሉ የሚመነጩት ከዚህ ነው።

የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ በሁለት መልክ ይኖራል። በታመመው እንስሳ ደም ውስጥ ሲሆን ሕያው ሆኖ ይባዛል፤ ከብቱ በሚሞትበት ሰዓት ደሙ በባክቴሪያ ተሞልቷል። በዚህ መልኩ ግን ደካማ ነው። የሞተው ከብት ሳይከፈት ከተተወ በሰውነቱ ውስጥ አየር ስለሌለና መበስበስ ስለሚጀምር ባክቴሪያው በጥቂት ቀናት ውስጥ በብዛት ይሞታል።

ደሙ ከሰውነት ወጥቶ ከአየር ጋር ሲገናኝ ግን ባክቴሪያው መልኩን ይለውጣል። በጠንካራ ሽፋን ራሱን ጠቅልሎ እንደ ደረቅ ዘር ይሆናል። ይህ መልኩ ስፖር ይባላል። እናንተ ዘርን ታውቁታላችሁ፤ በጎተራ ውስጥ ሞቶ ይመስላል፣ እርጥበትና አፈር ሲያገኝ ግን ይበቅላል። የአባ ሰንጋ ስፖርም ፀሐይን፣ ብርድንና ድርቅን ተቋቁሞ በአፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል፤ በከብት አካል ውስጥ ሲገባ እንደገና ነፍስ ይዘራል።

ይህ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ የሚያሳይ አንድ ማስረጃ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942 እ.ኤ.አ.፣ የእንግሊዝ መንግሥት በስኮትላንድ አጠገብ ባለች ግሩናርድ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ይህን ባክቴሪያ በበጎች ላይ ሞከረ። ከዚያ በኋላ ደሴቲቱ ለሰውም ለከብትም ተዘጋች። በ1986 አፈሩ በኬሚካል እንዲጸዳ ተደርጎ፣ ደህና ናት ተብላ የተከፈተችው በ1990 ነው። ሀብታም መንግሥት አንዲት ትንሽ ደሴት ለማጽዳት ይህን ያህል ጊዜ ከወሰደበት፣ ጓሯችን ከተበከለ ማን ያጸዳልናል?

እንግዲህ ቢላዋ የሚለውጠው ይህን ነው። ከብቱ በሞተ ጊዜ የጠፋው አንድ ከብት ነው። ከብቱ በተከፈተ ጊዜ ግን ደሙ የፈሰሰበት መሬት፣ ፈርሱ የተደፋበት ጉድጓድ፣ ቆዳው የተዘረጋበት ደጅ፣ ሥጋው የገባበት ቤት ሁሉ የበሽታው ማስቀመጫ ይሆናል።

4. በከብት ላይ የሚታዩ ምልክቶች

ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት ሞት ራሱ ነው። ማታ ደህና የነበረ ከብት ጠዋት ሞቶ ይገኛል። አንዳንዱ ከመሞቱ በፊት ለጥቂት ሰዓታት ወይም ለአንድ ሁለት ቀን የሚከተሉትን ያሳያል፦

• ከፍተኛ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና መንገዳገድ፤
• የመተንፈስ ችግር፣ መብላትና ማመስኳት ማቆም፤
• የወተት መቀነስ፣ አንዳንዴም ደም የቀላቀለ ወተት፤
• በፈረስ፣ በበቅሎና በአሳማ ላይ የጉሮሮና የአንገት እብጠት።

ከሞተ በኋላ ደግሞ፦

• ከአፍ፣ ከአፍንጫ ወይም ከፊንጢጣ የሚወጣ ጥቁር፣ የማይረጋ ደም፤
• በፍጥነት የሚነፋ ሆድ፤
• እንደሌላው በድን በሚገባ የማይደርቅ አካል።

ጥንቃቄ፦ ደም ያልታየበት ሁሉ አባ ሰንጋ አይደለም ማለት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ደም ሳይወጣ ይሞታል። በሌላ በኩል አባ ጎርባ፣ የሆድ መነፋት፣ መርዛማ ተክል፣ የእባብ ንድፊያና መብረቅም በድንገት ይገድላሉ። በዓይን አይቶ ይህ ነው ብሎ መለየት አይቻልም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ግን ከብቱን ሳይከፍት ከጆሮው የደም ሥር ጥቂት ደም ወስዶ በማይክሮስኮፕ መመርመር ይችላል፤ አስፈላጊ ሲሆን ናሙናው ወደ ወላይታ ሶዶ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ወይም ሰበታ ወዳለው ተቋም ሊላክ ይችላል። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ ምክንያቱ ሳይታወቅ በድንገት የሞተ ከብት ሁሉ፣ ባለሙያ ሌላ እስኪል ድረስ፣ አባ ሰንጋ እንደያዘው ተቆጥሮ አይነካም።

5. በሰው ላይ እንዴት ይመጣል?

ሀ. በቆዳ በኩል። በሰው ላይ የሚታየው አባ ሰንጋ በአብዛኛው ይህ ነው። ስፖሩ ወይም ባክቴሪያው በእጅ፣ በክንድ፣ በፊት ወይም በአንገት ላይ ባለ ትንሽ ጭረት ይገባል። ያረደ፣ የገፈፈ፣ ሥጋ የቆራረጠ፣ ቆዳ የተሸከመ ወይም ደሙን የጠረገ ሰው ይጋለጣል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነፍሳት የነደፈው የመሰለ የሚያሳክክ እብጠት ይወጣል። ከዚያ ውኃ ይቋጥራል፣ ይፈነዳል፣ መሐሉም እንደ ከሰል የጠቆረ ቁስል ይሆናል፤ ዙሪያው በጣም ያብጣል። በሽታው በውጭ ቋንቋ የሚጠራበት አንትራክስ የሚለው ስምም የመጣው ከሰል ከሚለው የግሪክ ቃል ነው።

ሰዎችን የሚያታልለው ነገር ይህ ጥቁር ቁስል ብዙ ጊዜ የማያም መሆኑ ነው። «ስላላመመኝ ቀላል ነው» ተብሎ ይተዋል። ሳይታከም ከቀረ ግን በሽታው ወደ ደም ገብቶ ከአሥር ታማሚዎች አንድ ወይም ሁለት ሊገድል ይችላል። በጊዜ በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከታከመ የሚሞተው ከመቶ አንድ እንኳን አይሞላም። ልዩነቱን የሚያመጣው ጤና ጣቢያ የተደረሰበት ቀን ነው። ቁስሉን መብጣት፣ መጭመቅ ወይም በእሳት መተኮስ በሽታውን ወደ ውስጥ ሊገፋው ስለሚችል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ለ. በአፍ በኩል። የታመመ ወይም የሞተ ከብት ሥጋ በመብላት ይመጣል። ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ከባድ የሆድ ቁርጠትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፤ አንዳንዴም የጉሮሮ ሕመምና የአንገት እብጠት ያሳያል። ይህ ከቆዳው ይልቅ የከፋ ነው። ጥሬ ሥጋና ክትፎ በሚወደድበት አካባቢያችን ልዩ ትኩረት ያሻዋል።

ሐ. በትንፋሽ በኩል። የተበከለ ቆዳ ወይም ሱፍ ሲራገፍ የሚነሳውን ብናኝ በመሳብ ይመጣል። እምብዛም አያጋጥምም፣ ሲያጋጥም ግን እጅግ ገዳይ ነው።

አባ ሰንጋ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ስለሆነም የታመመን ሰው ማግለል ወይም መሸሽ አያስፈልግም፤ ቶሎ ወደ ሕክምና ማድረስና ቁስሉን በባዶ እጅ አለመንካት ይበቃል።

6. ብዙ ጊዜ የሚሰሙ አባባሎችና እውነታው

«ሳይሞት ከታረደ ሥጋው ንጹሕ ነው።» ትክክል አይደለም። ሊሞት በሚያጣጥር ከብት ደም ውስጥ ባክቴሪያው ሞልቷል። እንዲያውም ልቡ ገና እየመታ ስለሚታረድ ደሙ በብዛት ይፈስሳል፣ መሬቱም የበለጠ ይበከላል። ገደል ገብቶ እግሩ የተሰበረና ምክንያቱ በግልጽ የታወቀ ከብት ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱም ቢሆን ባለሙያ አይቶት ቢታረድ ይመረጣል።

«በደንብ ከተቀቀለ ምንም አይልም።» አያስተማምንም። ስፖሩ ተራ የወጥ ማብሰልን ሊቋቋም ይችላል። ከዚህ በላይ ደግሞ ሥጋው ድስት ከመግባቱ በፊት ያረደው፣ የገፈፈው፣ የመተረውና ያጠበችው እመቤት ሁሉ አስቀድመው ተጋልጠዋል።

«ሚጥሚጣ፣ ሎሚና አረቄ ይገድለዋል።» አይገድለውም። ስፖሩ አልኮልን ይቋቋማል። ቅመምም ሥጋን ከማጣፈጥ አልፎ በሽታውን አያጠፋም። በጨው ማሸትና ቋንጣ አድርጎ ማድረቅም እንዲሁ አይረዳም።

«ባለፈው ጊዜ በልተን ምንም አልሆንም።» ሊሆን ይችላል። ያ ከብት በሌላ ምክንያት ሞቶ ይሆናል፤ ወይም የተጋለጠ ሁሉ አይታመምምና ዕድል ረድቷችሁ ይሆናል። አንድ ጊዜ መትረፍ ለሁለተኛው ጊዜ ዋስትና አይሆንም።

«ሥጋውን እንተወው፣ ቆዳው ብቻ ይሸጥ።» ቆዳ ለመግፈፍ ቢላዋ ያስፈልጋል። ገፋፊው፣ ተሸካሚው፣ ገዢው፣ ቆዳውን መኝታ አድርገው የሚተኙበት ልጆችም ይጋለጣሉ።

7. ከብት በድንገት ሲሞት ምን እናድርግ?

1ኛ. አትረዱ፣ አትክፈቱ፣ አትግፈፉ። ከብቱን ወደ ሌላ ቦታ አትጎትቱ። ልጆችን አርቁ።

2ኛ. በድኑን በላስቲክ ወይም በሸራ ሸፍናችሁ ዙሪያውን በእሾህ አጥሩ። ውሻ፣ ጅብና ጥንብ አንሳ ከፍተውት ደሙን እንዳያፈሱና እንዳይበትኑ ነው።

3ኛ. ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ በዚያው ቀን አሳውቁ። እረኛ ልጅ ከብት ሞቶ ሲያይ ለማን እንደሚነግር አስቀድማችሁ አስተምሩት።

4ኛ. በባለሙያው መሪነት እዚያው በሞተበት ቦታ ወይም በቅርቡ ቅበሩ፤ በቂ ማገዶ ካለ ባለሙያው እንዲቃጠል ሊወስን ይችላል። ጉድጓዱ ቢያንስ 2 ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ደም የነካው አፈር፣ ጉዝጓዝና አዛባ ተጠርጎ አብሮ ይግባ። በእኛ አካባቢ መሬት ጠባብ እንደሆነ ይታወቃል፤ ቢሆንም ምንጭና ወንዝ አጠገብ፣ ጎርፍ በሚሄድበት ቦታ፣ እንሰት በሚተከልበትና የቆጮ ጉድጓድ በሚቆፈርበት ጓሮ ውስጥ እንዳይቀበር ተጠንቀቁ። በዚያ የሚቆፈር ሁሉ የተቀበረውን መልሶ ያወጣልና። ቦታው ይታጠር፣ ምልክት ይደረግበት፣ ከብት አይጋጥበት። ለልጅ ልጅም ይነገር።

5ኛ. ከብቱ የታሰረበትን ጋጥ አዛባ ወደ እንሰት ማሳ አታውጡ። በአብዛኛው ቤት አዛባ የሚጠርጉት እናቶችና ሴቶች ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ ይህን ምክር የግድ መስማት ያለባቸው እነሱ ናቸው። ሲሠሩ እጃቸውን በጓንት ወይም በላስቲክ፣ እግራቸውን በጫማ ይሸፍኑ። ሲጨርሱ በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠቡ።

6ኛ. የቀሩትን ከብቶች ከዚያ ግጦሽ አንሱ። ባለሙያው እስኪፈቅድ ድረስ ለገበያ አታውጡ፣ ለጎረቤት በአደራ አትስጡ። ትኩሳት ያለባት ላም ወተት አይጠጣ፣ አይናጥ።

7ኛ. ከብቱን የነካ፣ ያረደ ወይም ሥጋውን የበላ ሰው ካለ፣ ምልክት እስኪወጣበት ሳይጠብቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። እዚያም «በድንገት የሞተ ከብት ነክቻለሁ» ብሎ በግልጽ ይናገር። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይሰማ የሚያክም ባለሙያ ጥቁሩን ቁስል እንደ ተራ እባጭ፣ የሆዱን ሕመም እንደ ተራ ተቅማጥ ሊመለከተው ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ወዲያው ትወቀው።

ከብቱ ተከፍቶና ሥጋው ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ አትደብቁ። የተከፋፈለው ሥጋ የደረሰባቸው ቤቶች በሙሉ እንዲታወቁ ማድረግ ሕይወት ያድናል። ያልተበላውን ሥጋ ለውሻ አትስጡ፣ ወንዝ ውስጥ አትጣሉ፤ ሰብስባችሁ በባለሙያ ምክር አስወግዱ።

8. ክትባት፦ ከሁሉ የሚቀድመው መከላከያ

የአባ ሰንጋ ክትባት በዓለም ላይ ቀደም ብለው ከተገኙት የእንስሳት ክትባቶች አንዱ ነው። ሮበርት ኮኽ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1876 እ.ኤ.አ. በሽታውን የሚያመጣው ይህ ባክቴሪያ መሆኑን አረጋገጠ። በፈረንሳይ ገበሬዎች ዘንድ ደግሞ በጎች የሚያልቁባቸው «የተረገሙ» የሚባሉ መስኮች ነበሩ። ሉዊ ፓስተር መስኮቹ የተረገሙት ከዚህ በፊት የሞቱ በጎች ስለተቀበሩባቸው መሆኑን አስረዳ። በ1881 በፈረንሳይ አገር ፑዪ ለ ፎር በተባለ መንደር፣ ሰው በተሰበሰበበት የተከተቡና ያልተከተቡ በጎችን በበሽታው አስወጋ። ከሁለት ቀን በኋላ ሕዝቡ ሲመለስ የተከተቡት ቆመው ይግጣሉ፤ ያልተከተቡት በጎች ሞተዋል ወይም በማጣጣር ላይ ናቸው። ዛሬ የምንጠቀምበት ክትባት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ማክስ ስተርን በተባለ የእንስሳት ሐኪም የተገኘው ነው። በአገራችንም ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል።

ስለ ክትባቱ ልታውቁ የሚገቡ፦

• መከላከያው የሚቆየው አንድ ዓመት ያህል ነው። ስለዚህ በየዓመቱ መደገም አለበት። «አምና ተከትቧል» ዘንድሮን አይሸፍንም።
• ኃይል ለማግኘት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። በሽታው ከሚነሳበት ወቅት ቀደም ብሎ መከተብ ይገባል። በሽታ ሲሰማ መሯሯጥ ግማሽ መፍትሔ ነው።
• ክትባቱ ሕያው ነው። ከብቱ በዚያው ሰሞን ፀረ ባክቴሪያ መርፌ ከተወጋ ክትባቱ ይከሽፋል። ከብታችሁ በቅርቡ ከታከመ ለከታቢው ንገሩ።
• የታመመ ከብት አይከተብም። የተከተበ ከብት ወዲያው አይታረድም፤ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ከታቢውን ጠይቁ። ለመሳላ የሚታረድ ሰንጋ ካላችሁ ይህን አስቀድማችሁ አስሉ።
• ላሟን አስከትቦ በግና ፍየሉን መተው በሩን ዘግቶ መስኮቱን እንደ መተው ነው። ሁሉንም አውጡ።

9. የጠፋውን በሬ ማን ይተካ?

ይህን ጥያቄ ሳንመልስ ሥልጠናውን ብንጨርስ ትክክል አይሆንም። አርሶ አደሩ የሞተውን ከብት የሚያርደው ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ኪሳራው ስለሚያስጨንቀውም ነው። የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ፣ የማዳበሪያ ዕዳና የበዓል ወጪ በአንድ ሰንጋ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ «ቅበረው» ማለት ለተናጋሪው ቀላል፣ ለሰሚው ከባድ ነው።

መፍትሔው በእጃችን ካለው ባህል ውስጥ ይገኛል። ጎረቤት ቅርጫ ገብቶ የሚሰጠው ገንዘብ ዋናው ትርጉሙ ሥጋ መግዛት ሳይሆን የወደቀን ወገን ማንሳት ነው። ያው ገንዘብ ያለ ሥጋ ሊሰጥ ይችላል። በአንዳንድ አካባቢዎች የከብት ዕድር አለ፤ የአባል ከብት ሲሞት አባላቱ የተወሰነ መዋጮ ያዋጣሉ። ለበዓል ሰንጋ በጋራ ለመግዛት ዓመቱን ሙሉ የሚቆጥቡ ማኅበሮችም አሉ። እነዚህ ማኅበራት በመተዳደሪያቸው ላይ ሁለት ነገር ቢጨምሩ ብዙ ይረዳል፦ አንደኛ፣ በድንገት ለሞተ ከብት መዋጮ የሚከፈለው ከብቱ ሳይከፈት ከተቀበረ ብቻ እንዲሆን፤ ሁለተኛ፣ አባል የሚሆን ከብት ሁሉ በየዓመቱ የተከተበ እንዲሆን። ያን ጊዜ ደንቡን ያከበረ ሰው ብቻውን አይከስርም።

10. ማጠቃለያ

ወደ ጠዋቱ ግቢ እንመለስ። ባለቤቱ ቢላዋ ካነሳ ሰንጋው አይመለስለትም። የሚያገኘው የጥቂት ብር ማካካሻ ነው። በአንጻሩ ሃያ ቤት ሥጋ ይገባል፤ ከገፈፉት መካከል የአንዱ ክንድ ይጠቁራል፤ ደሙ የፈሰሰበት ደጅ የሌሎች ከብቶችና የልጆቹ አደጋ ሆኖ ይቀራል። ቢላዋውን ከተወና አዛውንቱም «ተቃርጠን እንርዳህ» ያሉትን «አዋጥተን እንርዳህ» ብለው ካስተካከሉት፣ የጠፋው አንድ ሰንጋ ብቻ ነው። መሬቱ ይተርፋል፣ ቤተሰቡ ይተርፋል፣ ጎረቤቱም ይተርፋል።

ይህን ትምህርት ለቤተሰባችሁ በከምባትኛ ወይም በምትግባቡበት ቋንቋ አስረዱ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳን ሦስቱን ቃላት ይያዝ፦ አትክፈት፣ አሳውቅ፣ አስከትብ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ከብት በድንገት ሲሞት እስከ ዛሬ ምን ይደረግ ነበር? ሥጋውና ቆዳው ወዴት ይሄድ ነበር?
2. ከብት ተደጋግሞ የሚሞትበት የግጦሽ ቦታ አለ? ቦታውን የሚያውቁ አዛውንቶች ምን ይላሉ?
3. ዕድራችሁ ወይም የበዓል ቁጠባ ማኅበራችሁ ሳይከፈት ለተቀበረ ከብት መዋጮ ለመስጠት ምን ዓይነት ደንብ ሊያወጣ ይችላል?
4. ሳይሞት የታረደ ከብት ሥጋ ንጹሕ ነው ለሚል ጎረቤት፣ ስለ ደምና ስለ አየር የተማራችሁትን በመጠቀም እንዴት ታስረዱታላችሁ?
5. በቤታችሁ ያሉት ከብቶች፣ በጎችና ፍየሎች ለመጨረሻ ጊዜ የተከተቡት መቼ ነው?